የጎደለን ጥርስ በብሪጅ መተካት፦ ከጎጃም ለሚነሣ ታካሚ ዝርዝር መመሪያ

ብሪጅ የማይወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። አንድ ጥርስ ሲጎድል በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ጥርሶች ዙሪያቸውን ይሞረዱና ክራውን (ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍን ቆብ) ይለብሳሉ፤ ምትኩ ጥርስ ከሁለቱ ክራውኖች ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ተሠርቶ በመካከላቸው ይንጠለጠላል። የጎደለው አንድ ቢሆንም የሚሠራው ሦስት ነው፤ ሒሳቡም በሦስት ይባዛል። በስልክ የአንዱን ዋጋ ሰምቶ የመጣ ሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስን ስለማይሸፍን ወጪው ከኪስ ነው።

ከዋጋው በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አለመብቀሉ ነው። ብሪጅ ተበላሸ ሲባል ብዙውን ጊዜ ምትኩ ጥርስ ምንም አልሆነም፤ የተበላሹት ተሸካሚዎቹ፣ ማለትም ክራውን የለበሱት ሁለቱ ጥርሶች ናቸው። በደንብ የተሠራና በደንብ የተያዘ ብሪጅ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ በሁለተኛው ዓመት የሚወልቀውም ከዚያው ክሊኒክ ሊወጣ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ከታች በተዘረዘሩት ነገሮች ላይ ነው።

ክፍተቱ ብሪጅ ይፈልጋል ወይ?

ሁሉም ክፍተት መሞላት የለበትም። የመጨረሻው መንጋጋ ተነቅሎ ከበስተኋላው ሌላ ጥርስ ከሌለ ብሪጁ የሚያርፍበት ሁለተኛ ተሸካሚ የለም። «ከፊት ካለው ላይ ብቻ አንጠልጥዬ እሠራልሃለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመ ሌላ ሐኪም መጠየቅ ይሻላል። የማኘክ ኃይል የሚበረታው እዚያ ስለሆነ ብቻውን የሚሸከመው ጥርስ ይላላል ወይም ይሰነጠቃል። ላይና ታች የሚገጥሙ ወደ 20 የሚጠጉ ጥርሶች ያሉት ሰው ያለ መጨረሻው መንጋጋ በደንብ ይበላል። ገንዘቡን ቢያስቀምጠው ይሻለዋል።

ሁለቱ ጎረቤት ጥርሶች ሙሌት እንኳ ያልነካቸው ጤነኞች ከሆኑ ከብሪጁ በፊት ስለ ኢምፕላንት ይጠይቁ። ኢምፕላንት በአጥንት ውስጥ የሚተከል ብሎን ስለሆነ ጎረቤት አይሞረድለትም። በሌላ በኩል ዋጋው ይበዛል፣ በቂ አጥንት ይፈልጋል፣ እስኪይዝም ከ3 እስከ 6 ወር ይጠብቃል። ጎረቤቶቹ ቀድሞውኑ ትልልቅ ሙሌት ያለባቸው ወይም ሩት ካናል (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን መሙላት) የተሠራላቸው ከሆኑ ግን ክራውን ራሳቸውም ይፈልጋሉ፤ ያን ጊዜ ብሪጅ በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ይሰጣል።

የክፍተቱ ርዝመት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ወሳኝ ነው። በሁለት ጫፉ ተይዞ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ሲነከስበት ጥቂት ይታጠፋል፤ መታጠፉም በርዝመቱ ልክ አይጨምርም። አንድ ምትክ ጥርስ ባለበት ቦታ ሁለት ቢሆኑ መታጠፉ 8 እጥፍ፣ ሦስት ቢሆኑ 27 እጥፍ ይደርሳል። ብሪጁ በታጠፈ ቁጥር ከጥርሱ ጋር ያጣበቀው ሲሚንቶ ይፈልሳል፣ ፖርሰሊኑ (የጥርስ ቀለም ያለው የሸክላ ልባስ) ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁለት መንጋጋ ተከታትለው የጎደሉበት ቦታ ላይ በሁለት ተሸካሚ ብቻ መሥራት አደገኛ ነው፤ ሦስት ሲሆኑ ብሪጅን መተው ነው። የሚወልቅ ጥርስ ወይም ኢምፕላንት ይሻላል።

በፊት ጥርስ በኩል ሁለት ልዩ ጉዳዮች አሉ። ከላይ ከሁለቱ የመሐል ጥርሶች ጎን ያለችው ትንሿ ጥርስ ስትጎድል ክራንቻው ሥሩ ረጅም ስለሆነ ብቻውን ሊሸከማት ይችላል። ታካሚው ልጅ እግር ከሆነ ደግሞ ሙሉ ክራውን አይመከርም። በወጣት ጥርስ ውስጥ የነርቩ ክፍል ሰፊ ስለሆነ ሞረዳው ይደርስበታል፤ በጀርባ በኩል በቀጭን ክንፍ የሚለጠፍ ብሪጅ ይሻላል። እሱም አንድ ክንፍ ይኑረው። ሁለት ክንፍ ያለው በአንዱ በኩል ሲለቅ ሌላው ይዞ ስለሚያቆየው ከሥሩ ያለው ጥርስ ሳይታወቅ ይበሰብሳል።

ፍንጭት ያለው ሰው ይህን ጉዳይ በልኬቱ (የጥርሶቹ ቅርፅ በለስላሳ ዕቃ በሚወሰድበት) ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ማንሣት አለበት። ከፍንጭቱ በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች በአንድ ብሪጅ ከተያያዙ ፍንጭቱ ይዘጋል ወይም በመሐሉ የሚታይ መያያዣ ያልፍበታል። በአንድ በኩል ብቻ የሚያዝ ወይም በክንፍ የሚለጠፍ ብሪጅ ግን ክፍተቱን እንዳለ ሊተወው ይችላል። ብሪጁን በላብራቶሪ የሚሠራው ቴክኒሻን ካልተነገረው ዘግቶ ነው የሚልከው፤ እሱ ያየው ከልኬቱ የተቀዳውን የጂፕሰም ቅርፅ እንጂ የታካሚውን ፈገግታ አይደለም።

ተሸካሚዎቹን መመርመር

ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ከ2 እስከ 3 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። ድዱና አጥንቱ ሲድኑ ይሟሽሻሉ፤ ቶሎ የተሠራ ብሪጅ ከጥቂት ወር በኋላ ከሥሩ ክፍተት ይፈጠርበትና ምግብ ይገባበታል፣ «ሰ» ሲሉም ያፏጫል። የፊት ጥርስ ከሆነ እስከዚያው ቀላል የሚወልቅ ጥርስ ይሠራል። በተቃራኒው ብዙ ዓመት መቆየትም መዘዝ አለው፤ የኋላው መንጋጋ ወደ ክፍተቱ ይዘምማል፣ የላይኛው ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል። የዘመመን ጥርስ ከፊተኛው ጋር ትይዩ ለማድረግ አብዝቶ መሞረድ የግድ ይሆንና ነርቩ ይጋለጣል።

ራጅ ሳይነሣ የሚጀመር ብሪጅ አይጀመር። ሥዕሉ የሁለቱንም ተሸካሚዎች ሥር እስከ ጫፉ ማሳየት አለበት። ሐኪሙ የሚያየውን ታካሚውም ሊጠይቅ የሚችለው እንዲህ ነው፦ በሥሩ ጫፍ ጥቁር ጥላ አለ ወይ? ካለ መጀመሪያ ሩት ካናል ነው። በአጥንት ውስጥ የተቀበረው ሥር ቢያንስ ከአጥንት ውጭ ካለው ክፍል ጋር እኩል ነው? ካነሰ ጥርሱ ለመሸከም ደካማ ነው። በጣት ሲገፋ ይነቃነቃል? የሁለቱ ተሸካሚዎች ሥር በአንድ ላይ ሲታይ ጎደሎው ጥርስ ከነበረው ሥር ማነስ የለበትም የሚለው የቆየ መመዘኛም አሁንም ጥሩ መነሻ ነው።

ከሞረዳ በኋላ የሚቀረው የጥርስ ቁመት ለመንጋጋ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለሌሎቹ 3 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ቆሎ በመቆርጠም፣ አጥንት በመጋጥና በማፋጨት ጥርሳቸው ያለቀ ሰዎች ላይ ይህ ቁመት አይገኝም፤ ክራውኑ የሚይዘው ግድግዳ ስለሌለው ሲሚንቶው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይወልቃል። ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ከድድ በላይ ዙሪያውን ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የራሱ አካል ሊኖረው ይገባል። በሙሌት ብቻ የቆመ ጉቶ ላይ የተጫነ ብሪጅ ከነጉቶው ተሰብሮ ይመጣል።

ድዱ ሲቦረሽ የሚደማ ከሆነ ጥርሱን አሳጥቦ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ነው። በሚደማ ድድ ላይ የተወሰደ ልኬት ጠርዙ አይወጣም።

ዕቃውና ቀለሙ

ሙሉ ብረት፣ ብረት ላይ ፖርሰሊን የተጋገረበት፣ እና ዚርኮኒያ የሚባለው ነጭ ዕቃ ናቸው ብዙ ጊዜ የሚቀርቡት። ብረቱ ቀጭን ሞረዳ ይበቃዋል፣ አይሰበርም፤ የማይታይ የኋላ መንጋጋ ላይ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። ፖርሰሊን የለበሰው በፊት በኩል ከ1.2 እስከ 1.5፣ በማኘኪያው ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሞረዳ ይፈልጋል፤ ዚርኮኒያ በማኘኪያው ከ1 እስከ 1.5 ይበቃዋል። ሐኪሙ ሳስቶ አነስ አድርጎ ከሞረደ ቴክኒሻኑ ወይ ፖርሰሊኑን ያሳሳዋል፣ ወይ ጥርሱን ያሳብጠዋል። የመጀመሪያው ይሰነጠቃል፣ ሁለተኛው ጉንጭ ያስነክሳል።

ርካሽ የጆሮ ጌጥ ሲያደርግ የሚያሳክከው ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ከኒኬል የተቀላቀለ ብረት ድዱን ሊያስቆጣው ይችላል፤ ኮባልት ክሮም ወይም ዚርኮኒያ ይታዘዝለት። ወርቅን በተመለከተ፣ በልኩ ቀልጦ የተሠራ የወርቅ ቅይጥ እጅግ ጥሩ ዕቃ ነው። ገበያ ላይ ጤነኛ ጥርስ ላይ የሚሰካው ወርቅማ ቆብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠርዙ ስለማይገጥም ከሥሩ ያለውን ጥርስ ያበሰብሳል።

ቀለም የሚመረጠው ሞረዳው ሳይጀመር፣ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ነው። አፍ ለጥቂት ደቂቃ ተከፍቶ ሲቆይ ጥርስ ስለሚደርቅ ከወትሮው ነጥቶ ይታያል፤ መጨረሻ ላይ የተመረጠ ቀለም የሚነጣው ለዚህ ነው። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከጥቁር ድድ አጠገብ ማንኛውም ጥርስ ነጥቶ ስለሚታይ የቀለም ናሙናው ከጎረቤት ጥርስ ጋር ብቻ ይነጻጸር። ንቅሳቱ ራሱ ለብሪጅ እንቅፋት አይሆንም።

ቀጠሮና መንገድ

ሥራው ቢያንስ ሦስት ምልልስ አለው፦ ምርመራና ራጅ፣ ሞረዳና ልኬት፣ ከዚያ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ መግጠም። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ገጠር የሚነሣ ሰው አራተኛ ቀን በጀት ይያዝ፤ ብሪጁ ሳይገጥም ተመልሶ ወደ ላብራቶሪ የሚላክበት ጊዜ አለ፤ ያንን ያደረገ ሐኪም ሊመሰገን ይገባል።

ክሊኒኩ የሚያሠራው የት እንደሆነ ይጠይቁ። ሥራው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ የልኬቱ ዕቃ ጉዳይ ይመጣል። አልጂኔት የሚባለው በውኃ የሚበጠበጥ ልኬት ውኃው ሲተን ይኮማተራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጂፕሰም ካልፈሰሰበት ዋጋ የለውም። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ፣ የአባይን በረሃ ሙቀት ተሻግሮ የደረሰ አልጂኔት ላይ የተሠራ ብሪጅ ጠርዙ ክፍት ይሆናል። ለብሪጅ የሚሻለው ሲሊኮን ነው፤ ቀናት ቢቆይም ቅርፁን ይጠብቃል። «ልኬቱ በሲሊኮን ነው?» የምትለው ጥያቄ አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

የሞረዳው ቀን ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዓብይ ጾም ላይ ከዋለ ይታሰብበት። ባዶ ሆድ ላይ ማደንዘዣ መወጋት ማዞርና ራስ መሳት ሊያመጣ ይችላል፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጾም ያልሆነ ቀን ይምረጥ ወይም የንስሐ አባቱን ያማክር። የስኳር ሕመምተኛ ቁርሱን በልቶ መድኃኒቱን ወስዶ ይምጣ። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም እርግዝና ካለ አስቀድሞ መናገር ግድ ነው።

ሞረዳና ልኬት

ማደንዘዣው ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ሊዶካይን ነው፤ ከንፈርና ምላስ ለጥቂት ሰዓታት ይደነዝዛሉ። ቀጥሎ ሁለቱ ተሸካሚዎች ብዙ ውኃ በሚረጭ መሣሪያ ይሞረዳሉ። ውኃው ሲቋረጥና የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ እጅ አንሥቶ ማስቆም የታካሚው መብት ነው፤ ሙቀት ነርቭ ይገድላል፤ ያም ሕመም ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው።

የሁለቱ ጥርሶች ግድግዳ እርስ በርሱ ትይዩ ሆኖ ወደ ላይ በጥቂቱ ብቻ መጥበብ አለበት፤ በእያንዳንዱ ጎን ከ3 እስከ 6 ዲግሪ ያህል። እንደ ሾጣጣ ከጠበበ ብሪጁ በቀላሉ ይገባል፣ በቀላሉም ይወጣል። ከዚያ በድዱና በጥርሱ መካከል ቀጭን ክር ለጥቂት ደቂቃ ይገባል፤ ድዱን ገፋ አድርጎ ጠርዙን ለልኬቱ ያሳያል። ሲሊኮኑ አፍ ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሲወጣ ሐኪሙ ጠርዙን በብርሃን አይቶ አረፋ ወይም የተጎተተ ቦታ ካገኘ መድገም አለበት። ተቃራኒው የጥርስ ረድፍና ሲነከስ የሚገጥምበት ሁኔታም ይለካሉ።

የተሞረዱ ጥርሶች ባዶአቸውን አይሸኙም። ጊዜያዊ ብሪጅ ከፕላስቲክ ተሠርቶ በጊዜያዊ ሲሚንቶ ይለጠፋል፤ ካልተለጠፈ ጥርሶቹ ቅዝቃዜ ያማቸዋል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ቦታ ይቀያየራሉ። ከዚያ በልክ የተሠራው ብሪጅ «አልገባ አለ» ይባላል። በጊዜያዊው ላይ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋና ማስቲካ አይታኘክም። መንገድ ላይ ከወለቀ አጥቦ ውስጡን ትንሽ ቫዝሊን ቀብቶ መልሶ መሰካት ይቻላል፤ ሲተኙ ግን አውጥቶ ማስቀመጥ፣ በማግሥቱም ክሊኒክ መሄድ ነው። ማደንዘዣው እስኪለቅ ቡና መጠጣት ወይም መብላት ከንፈርን ያቃጥላል፣ ያስነክሳል።

መግጠሚያው ቀን

ሲሚንቶ ሳይደረግ በፊት ብሪጁ ተገጥሞ ይታያል። ይህን ቀን ማቻኮል የለበትም። በምትኩና በድዱ መካከል ክር ማለፍ አለበት። ብሪጁ ከውጭ ካሉት ጎረቤቶች ጋር በሚነካበት ቦታ ክር ጠበቅ ብሎ ሊገባ ይገባል፤ ያለ ምንም ግጭት ካለፈ ሥጋና ሽምብራ ይሰነቀርበታል፣ ጨርሶ ካልገባ ደግሞ ጥርሶቹን እየገፋ ነው። ሐኪሙ በሹል መሣሪያ ጠርዙን ሲዳስስ መሣሪያው የሚያዝበት እርከን ካለ ብሪጁ አይለጠፍ። ራጅም ጠርዙን ያሳያል።

ምትኩ ጥርስ ድዱን ነካ ብቻ ያድርግ፤ ከተጫነ ድዱ ይነጣል፣ በኋላም ያብጣል። ሥሩም ጎበጥ ያለ እንጂ እንደ ጽዋ የጎደጎደ አይሁን፤ የጎደጎደውን ክር አያጸዳውም።

ንክሻው የሚፈተነው በቀለማም ቀጭን ወረቀት ነው። ታካሚው ቀና ብሎ ተቀምጦ ይንከስ፤ ተንጋሎ የሚገኘው ንክሻ ይለያል። «ቀድሞ ይነካኛል» ብሎ ለመናገር አያፍሩ፤ የፀጉር ያህል ከፍታ በቀን ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ሲነከስበት ጥርሱን ያሳምማል። ቀለሙንም ከክሊኒኩ ደጅ ወጥተው በመስታወት ይዩ። ከሲሚንቶው በኋላ ቀለም አይቀየርም።

ሲለጠፍ ጥርሶቹ ከምራቅ ደርቀው መቆየት አለባቸው። ግላስ አዮኖመር የሚባለው የተለመደ ሲሚንቶ በደቂቃዎች ይጠነክራል፣ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ግን 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ በዚያ ቀን ጠንካራና ተለጣጭ ነገር አይበላም። የተረፈ ሲሚንቶ ከድዱ ሥር መልቀም የሐኪሙ ሥራ ነው። ብሪጁ ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎት አሁንም ዙሪያው የሚደማ ድድ ብዙ ጊዜ የቀረ ሲሚንቶን ወይም የተንጠለጠለ ጠርዝን ያመለክታል።

ማጽዳት

ክራውን አይበሰብስም። የሚበሰብሰው ክራውኑ አልቆ ጥርሱ የሚጀምርበት ጠርዝ ነው፤ ብሪጅ በብዛት የሚጠፋውም በዚህ በኩል ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽን ከድዱ ጋር በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ይቦረሻል። የወይራ መፋቂያ ፊት ለፊቱን በደንብ ያጸዳል፤ ከምትኩ ሥር ግን አይደርስም። በክብሪት እንጨት ወይም በመርፌ መጎርጎር ድዱን ያቆስላል።

ሦስቱ ጥርሶች የተያያዙ ስለሆኑ ክር ከላይ ወደ ታች አይገባም፤ ከጎን ተሰክቶ ከምትኩ ሥር ማለፍ አለበት። ለዚህ የተሠራ ጫፉ የደረቀ ክር ፋርማሲ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ንጹሕ ወፈር ያለ የጥጥ ፈትል ጫፉን በሰም አጠንክሮ በጉንጭ በኩል አስገብቶ በምላስ በኩል መሳብ ነው። ፈትሉ ከምትኩ ሥር ወዲያና ወዲህ ጥቂት ጊዜ ይሳባል፣ ከዚያም የእያንዳንዱን ተሸካሚ ጎን ያብሳል። በቀን አንዴ፣ ማታ፣ ይበቃል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደማል፤ ከሳምንት በላይ ከደማ ችግር አለ።

ቆሎ መብላት ይቻላል፣ በብሪጁ ላይ ግን ይቀነስ። አጥንት መስበርና ጠርሙስ በጥርስ መክፈት ፖርሰሊኑን ይገሽልጠዋል። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው የማታ መከላከያ ያሠራ።

ሲበላሽ

ቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ሳምንት ቢነዘንዝ የተለመደ ነው። ሲነከስበት ብቻ የሚያም ከሆነ ንክሻው ከፍ ብሏል፤ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ማስሞረድ ነው፤ ሳይሞረድ ከቆየ ነርቩ ይቆጣል። ትኩስ ነገር የሚያስነሣው፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ የሚመታ ሕመም ግን ነርቩ እየሞተ መሆኑን ያሳያል። ብዙ ጊዜ ክራውኑ በማኘኪያው በኩል ተበስቶ ሩት ካናል ሊሠራ ስለሚችል ብሪጁ የግድ አይነሣም። ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ ድዱ ላይ መያዝ ድዱን ከማቃጠል በቀር ለነርቩ አይደርስም።

ከሁሉ የሚከፋው ብሪጁ በአንድ በኩል ብቻ ሲለቅ ነው፤ ሌላው ወገን ይዞት ስለሚቆይ ሕመም የለውም። ምልክቱ መጥፎ ጣዕምና ሽታ ነው፤ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ከጠርዙ ምራቅ እየተንጠባጠበ አረፋ ያወጣል። ይህን ያየ ሰው ለገበያ ቀን አይጠብቅ። ከወራት በኋላ ሲነሣ ከሥሩ የሚገኘው ጉቶ እንደ ረጠበ ቡሽ ለስልሶ ነው፤ ያን ጊዜ የሚነቀለው ተሸካሚው ራሱ ነው፤ ክፍተቱም ከአንድ ወደ ሁለት ያድጋል።

ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ብሪጁን በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በቀናት ውስጥ ማምጣት ነው። በሱፐር ግሉ መለጠፍ አይገባም፤ ማጣበቂያው ጥርሱን ያቃጥላል፣ ብሪጁ በተጣመመበት ይደርቃል፣ ከዚያም ለማንሣት መሰባበር ይመጣል። ውስጡ ንጹሕ ከሆነና ጉቶዎቹ ደኅና ከሆኑ ሐኪሙ እንደገና ይለጥፈዋል። ብሪጁ ከተዋጠ በአብዛኛው ያለ ችግር ይወጣል፤ ወዲያው ማሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተከተለ ግን ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።